ከግብረ ገብ እስከ ግብረ ገብ

የእህቴ ልጅ 4ኛ ክፍል ናት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እየተቀዳ ሳለ፣ ደብተሯን ታቅፋ መጣችና «የቤት ሥራዬን አግዙኝ» አለች። ጥያቄው አጭር ነው፤ «ታማኝነት ምንድን ነው? ሦስት ምሳሌዎችን ጻፉ» ይላል። የደብተሩ ሽፋን ላይ በራሷ ጽሕፈት፣ ከሥሩ ሁለቴ ተሰምሮበት፣ «ግብረ ገብ» ተብሎ ተጽፏል።

በዚያ ቤት ውስጥ ፊደል የቆጠርን ሦስት ወንዶች ነበርን። አባቴ 78 ዓመታቸው ነው፤ 4ኛ ክፍል የነበሩት በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ታላቅ ወንድሜ ያንኑ ክፍል የተማረው በ1975 ዓ.ም. ነው። እኔ 1ኛ ክፍል የገባሁት ደግሞ በ1987 ዓ.ም. ነው። ከሦስታችን «ግብረ ገብ» የሚባል ትምህርት በክፍለ ጊዜ ሠንጠረዡ ላይ አግኝተው የተማሩት አባቴ ብቻ ናቸው። ወንድሜ በዚያ ሰዓት የተማረው የፖለቲካ ትምህርት ነበር። እኔ የተማርኩት ሥነ ዜጋ ነው።

አባቴ ሲኒያቸውን አስቀመጡና «ይሄማ የእኛ ትምህርት ነው፤ ነይ ወዲህ እናቴ» አሏት። ቀጠሉና ታማኝነት ማለት ለንጉሥ፣ ለአገርና ለሰንደቅ ዓላማ እስከ መጨረሻው መቆም እንደሆነ ያስረዷት ጀመር። ወንድሜ ሳቀ። «በእኛ ጊዜ ቢሆን ለአብዮቱ ነበር» አለ። ልጅቷ ሁለቱንም በትዕግሥት አዳመጠቻቸውና «ቲቸር ግን ፈተና ላይ አለመኮረጅ ነው ብላናለች» አለች።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ጨዋታ ነው። ሦስት ትውልድ በአንድ ምድጃ ዙሪያ ተቀምጦ በአንድ የአማርኛ ቃል ላይ አልተስማማም፤ ሦስቱም ደግሞ ትርጉሙን የተማሩት ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። እንግዲህ ለልጆቻችን በየዘመኑ ምን ስናስተምር ኖረናል? የትኛውን ስንቀይር ኖርን? የትኛውንስ ሳናየው አለፍን?

«አንደኛ ደረጃ» የሚባለው ስም ከመምጣቱ በፊት የመጀመሪያው ትምህርት የሚገኘው የኔታ ዘንድ ነበር። ልጁ በዛፍ ጥላ ሥር ወይም በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተቀምጦ ፊደሉን በስንደዶ እየጠቆመ ከ«ሀ ሁ» ይጀምራል፤ አቡጊዳን ይዘልቃል፤ ፊደለ ሐዋርያ በመባል ወደሚታወቀው የዮሐንስ መልእክት ይሻገራል፤ ከዚያ ወንጌል፣ በመጨረሻም መዝሙረ ዳዊት። ንባቡ ራሱ ደረጃ አለው፤ ቁጥሩ፣ ግእዙ፣ ወርዱ፣ ቁም ንባቡ እየተባለ ይሄዳል። ልጁ ዳዊት የደገመ ዕለት ወላጆቹ አቅማቸው በፈቀደ መጠን ይደግሳሉ። የሙስሊሙ ልጅ ደግሞ በቁርኣን ቤት በሉሕ ላይ የተጻፈለትን እየቀራ፣ ሲያጠናቅቅ ሉሑን አጥቦ ወደሚቀጥለው ያልፍ ነበር። ተስፋ ገብረ ሥላሴ የፊደል ገበታውን በማተሚያ ቤታቸው አባዝተው በየአገሩ ካዳረሱ በኋላ ሀ ሁ ከቤተ ክህነት ቅጥር ወጥቶ በየቤቱ ገባ። አባቴም ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት ፊደል የቆጠሩት በዚያ ገበታ ነው።

የየኔታን ትምህርት ዛሬ ስናነሳ ወይ እናሞግሰዋለን ወይ እንስቅበታለን። ሁለቱንም ትቼ ሦስት ነገር ላንሳ። አንደኛ፣ ዳዊቱ በግእዝ ስለነበር ልጁ የሚያነበው አይገባውም ነበር፤ መረዳት የሚመጣው ቆይቶ፣ ቅኔ ቤትና መጻሕፍት ቤት ለደረሰ ጥቂት ሰው ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ጽሕፈት የዚህ ትምህርት አካል አልነበረም። ዳዊቱን እንደ ውኃ የሚያንበለብል ልጅ ስሙን መጻፍ ላይችል ይችላል፤ ጽሕፈት የቁም ጸሐፊ ሙያ ነበርና፣ እንዲያውም የሚጽፍን ሰው በአስማተኛነት የሚጠረጥር ብዙ ነበር። ሦስተኛው ግን፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ልጁ አንዱን ሳያውቅ ወደ ሁለተኛው የማያልፍ መሆኑ ነው። የኔታ «የዚህ ዓመት ተማሪዎች» የሚሉት የላቸውም። አንዱ ሀ ሁ ላይ ነው፣ ጎኑ የተቀመጠው ወንጌል ላይ ነው፣ ትልቁ ዳዊት እየደገመ ታናናሾቹን ያስቀጽላል። ስድስት ወር የፈጀበት ስድስት ወር ይፈጅበታል፤ ሁለት ዓመት የፈጀበትም ሁለት ዓመት። በለንቃጣ መኖሩ አይካድም። ነገር ግን ፊደል ሳይለይ ዳዊት የተሰጠው ልጅ አልነበረም። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዘመናዊው ትምህርት በጥቅምት 1901 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲጀመር የቤተ ክህነት ተቃውሞ ስለነበር፣ መምህራኑ ከግብጽ ኮፕቶች መካከል ተመርጠው መጡ፤ ርእሰ መምህሩም ሐና ሳሊብ ይባሉ ነበር። ልጆቹ በብዛት የተማሩት ቋንቋ ነው፤ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጣልያንኛ፣ አረብኛ፣ ከአገር ውስጥ አማርኛና ግእዝ፣ በተጨማሪም ሒሳብ። ለአሥር ዓመት ልጅ ይህ ሁሉ ቋንቋ ምን ያደርግለታል? ለልጁማ አይደለም። ከአድዋ ድል በኋላ በየጊዜው ከአውሮፓ መልእክተኛ ይመጣበት ለነበረ መንግሥት አስተርጓሚና ጸሐፊ ያስፈልገው ነበር። በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም መንገዱ ያው ነበር፤ ፈረንሳይኛው በረታበት እንጂ። እንዲህ ሆኖ የመጀመሪያው የትምህርት ዝርዝራችን ሲጻፍ ከልጁ ይልቅ ቢሮው ታሰበ። ይህ ነገር ኋላም አልለቀቀንም።

የጣልያን አምስት ዓመት ትምህርት ቤቶቹን ዘጋ ወይም ለራሱ ጥቅም አዋለ። በያካባቢው ቋንቋ ይማሩ የሚል ሕግ ማውጣቱ ይታወቃል፤ ዓላማው ግን ልጁን ማሳደግ ሳይሆን አገሩን መከፋፈል ነበር። ቋንቋና ትምህርት በተነሳ ቁጥር ለብዙ ዓመታት የቀረው ጥርጣሬ አንዱ ምንጭ ይኸው ይመስለኛል።

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ እንግሊዝኛ ነገሠ። በ1940 ዓ.ም. በተዘጋጀው ሥርዓተ ትምህርት ልጁ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች በአማርኛ ይማርና ወዲያው ወደ እንግሊዝኛ ይሻገር ነበር። ሳይንሱም፣ ጂኦግራፊውም፣ ሒሳቡም በእንግሊዝኛ። አባቴ እስከ ዛሬ ሲጸልዩ በግእዝ፣ ሲያባዙ በእንግሊዝኛ ነው፤ ገበያ ውለው የሽንኩርት ሒሳብ ሲያሰሉ ከንፈራቸውን ላየ «ሰቨን ኤይትስ» የሚሉ ይመስላል። ታዲያ የየኔታን ተማሪ «የማይገባውን የሚያነብ» እያልን ስንተች፣ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ግእዙን በእንግሊዝኛ ተካው እንጂ ነገሩን እንዳልለወጠው ማን አስተዋለ?

ይሁንና ያ ዘመን ለልጁ የሰጠውን መካድ አይገባም። ክፍለ ጊዜው አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ግብረ ገብ፣ ሥዕል፣ የእጅ ሥራና ሰውነት ማጎልመሻ ነበር። የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» በየክፍሉ ይነበባል፤ የተክለ ጻድቅ መኩሪያ የታሪክ መጻሕፍት ይጠናሉ። ልጁ ገና በአሥርና በአሥራ አንድ ዓመቱ አክሱምን፣ ላሊበላን፣ ጎንደርን፣ አድዋን በስም ያውቃል። ታሪኩ የነገሥታት ታሪክ ነበር፤ ገበሬው፣ ሸማኔው፣ በደቡብና በምሥራቅ የሚኖረው ሕዝብ በገጾቹ ላይ ብዙም አይታይም። ግብረ ገቡም ለዙፋን መታዘዝን ከመልካም ጠባይ ጋር በአንድ ገመድ ያስር ነበር። አባቴ ለልጅቷ የነገሯት የታማኝነት ትርጉም የመጣው ከዚያ ነው።

በግንቦት 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ጉባኤ እዚሁ አዲስ አበባ ተደረገ። ገና ነጻ እየወጡ ያሉ ቅኝ ግዛቶች የተማሪ ቁጥር ሲነገር፣ ሦስት ሺህ ዘመን የምትቆጥረው አስተናጋጅ ከጭራዎቹ መካከል ሆና ተገኘች። ከዚያ በኋላ ነው በ1956 ዓ.ም. አማርኛ እስከ 6ኛ ክፍል ማስተማሪያ የሆነው፤ ደረጃውም 6፣ 2፣ 4 ተብሎ የተከፈለው። አማርኛ አፉን ለፈታ ልጅ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይንስን በገባው ቋንቋ ተማረ። በወላይታ ወይም በሐረርጌ ገጠር ላለው ልጅ ግን የተለወጠው የማይገባው ቋንቋ ስም ብቻ ነበር።

አንደኛ ደረጃ ምን ይማር የሚለው ጥያቄ ሕዝብን አደባባይ ያወጣበት አንድ ጊዜ ብቻ ትዝ ይለኛል፤ በንባብ ማለቴ ነው እንጂ አልተወለድኩም። በ1964 ዓ.ም. የተካሄደው የትምህርት ዘርፍ ጥናት ሴክተር ሪቪው በሚለው ስሙ ይታወቃል። አብዛኛው ልጅ ለአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት፣ ከገጠር ኑሮ ጋር የተያያዘ እንዲማር፣ ከዚያ በላይ የሚዘልቀው ጥቂት እንዲሆን የሚል ሐሳብ አቀረበ። በወረቀት ላይ መጥፎ አልነበረም፤ ከዘጠና በመቶ በላይ ሕዝብ ማንበብ በማይችልበት አገር ብዙ ልጅ ለማዳረስ ያለመ ነው። ወላጅና መምህር ግን ሌላ አነበቡበት፤ የድሃው ልጅ 4ኛ ክፍል ላይ እንዲቀር፣ የሹሙ ልጅ እንዲዘልቅ። የካቲት 1966 ላይ መምህራኑ ሥራ አቆሙ፤ ታክሲ ነጂውም ተከተለ፤ የቀረውን አንባቢ ያውቀዋል። ለወላጁ ትምህርት መሰላል ነበር እንጂ የክፍለ ጊዜ ዝርዝር አልነበረም። ያን የዘነጋ ጥናት ዙፋን ከሚነቀንቁት ነገሮች አንዱ ለመሆን በቃ።

ደርግ ሲመጣ ግብረ ገብ ወጣ፤ የፖለቲካ ትምህርት ገባ። ትምህርት ለምርት ነው ተባለ፤ እርሻ፣ ባልትና፣ የእጅ ሥራ ክብደት አገኙ። ወንድሜ ከቤት መቆፈሪያ ይዞ ይሄድ እንደነበር፣ ትምህርት ቤቱ ያበቀለው ጎመን ግን ለማን እንደደረሰ እስከ ዛሬ እንደማያውቅ ይናገራል። ከሁሉ የሚገርመኝ ትዝታው ነው። ያኔ የሸመደደውን «ጥንታዊ የጋርዮሽ ሥርዓተ ማኅበር፣ የባሪያ አሳዳሪ፣ የፊውዳል፣ የካፒታሊስት፣ የሶሻሊስት» የሚለውን ቅደም ተከተል በ54 ዓመቱ ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት ይወርደዋል። ትርጉሙን በልጅነቱ ያውቀው እንደሆነ ስጠይቀው «ዳዊት የደገመ ግእዝ ያውቅ ነበር?» ብሎ መለሰልኝ።

ያው መንግሥት በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲያውጅ፣ ጎልማሶችን እያደር በ15 ቋንቋዎች ፊደል አስቆጠረ። ዓለም አቀፍ ሽልማትም አግኝቶበታል። ነገሩ ግን ግራ ያጋባል፤ ሽማግሌው ማታ ማታ በኦሮምኛ ወይም በሲዳምኛ ሲያነብ፣ የልጅ ልጁ ጧት ትምህርት ቤት ሄዶ የሚማረው በአማርኛ ብቻ ነበር። በእነዚያ ቋንቋዎች ማስተማር እንደሚቻል ጎልማሳው አስመስክሯል፤ ልጁ ግን አሥር ዓመት ከዚያ በላይ መጠበቅ ነበረበት።

መቆያው ያበቃው በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሌሎችም ማስተማሪያ ሆኑ፤ አንደኛ ደረጃ ስምንት ዓመት ሆነ፤ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ገባ። እኔ የዚህ ሥርዓት የመጀመሪያ ዓመታት ልጅ ነኝ። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል አንዲት መምህርት ሁሉንም አስተማረችን፤ «ሰልፍ ኮንቴንድ» ይባል ነበር፤ እኛ የመምህርቷ ስም ይመስለን ነበር። የተማርነው አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አካባቢ ሳይንስና ሥነ ውበት ነው። ከ5ኛ በኋላ ኅብረተሰብና ሥነ ዜጋ መጡ፤ 7ኛ ላይ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ተለያዩ።

ታሪክስ? ታሪክ በስሙ የለም። ከጂኦግራፊ ጋር ተቀላቅሎ «ኅብረተሰብ» ውስጥ ገባ፤ በራሱ ደብተር ያገኘሁት 9ኛ ክፍል ስደርስ ነው። አባቴ በአሥር ዓመታቸው ስለ አድዋ ተማሩ፤ እኔ በአግባቡ ሳገኘው ጢም አውጥቼ ነበር። የማን ታሪክ ይጻፍ የሚለው ጭቅጭቅ ሲከብድ ትምህርቱን ማዋሐድ ቀላል መውጫ ሆኖ ይሆናል የሚል ጥርጣሬ አለኝ። ከ8ኛ ክፍል በታች ትምህርት ያቋረጠው ብዙ ሺህ ልጅ ግን የአገሩን ታሪክ ከትምህርት ቤት ሳያገኝ ቀረ፤ ያገኘው ከጠጅ ቤት፣ ከዘመድ ቂምና ከፖለቲከኛ አፍ ነው።

ሥነ ዜጋው ከእኔ በኋላ ለመጡት ይበልጥ ተደራጀ። 11 እሴቶች ወጡለት፤ ዲሞክራሲያዊ ሥርዓት ከመገንባት፣ ከሕግ የበላይነትና ከእኩልነት ጀምሮ እስከ ታታሪነት፣ ቁጠባና እውቀትን መሻት። በየክፍሉ ያው 11 ምዕራፍ ይደገማል። በየዓመቱ ስለ ቁጠባ ተምሮ ለሻይ ሳንቲም የሌለው ተማሪ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ1987 ዓ.ም. አንደኛ ደረጃ ላይ 3 ሚሊዮን ገደማ ልጆች ነበሩ፤ በ2007 ዓ.ም. ከ18 ሚሊዮን አለፉ። ይህ የሚያኮራ ነው፤ የሴቶቹ ቁጥርማ ከዚያ በላይ። ግን በ2002 ዓ.ም. ልጆቹ ማንበብ መቻላቸውን ለማወቅ አንድ ሰፊ ምዘና ተደረገ፤ በየክልሉ ልጆች አንድ በአንድ እየተጠሩ በየአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አንብቡ ተባሉ። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶ 34ቱ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። ካነበቡት ላይ ለተጠየቁት ጥያቄ አንድም መልስ ያልሰጡት ከመቶ 48 ነበሩ።

እዚህ ላይ ነው የየኔታን ነገር ያስያዝኩት። በአዲሱ አሠራር ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ተማሪ አይወድቅም፤ ልጅን በሕፃንነቱ «ወዳቂ» ከማለት ማዳኑ መልካም ሐሳብ ነበር። የሐሳቡ ሁለተኛ አጋማሽ ግን ቀረ፤ ያልገባውን ልጅ ለይቶ መልሶ ማስያዝ። በአንድ ክፍል ስድሳ ሰባ ልጅ፣ ግማሽ ቀን ፈረቃ፣ 10ኛ ክፍል ጨርሶ አንድ ዓመት የሠለጠነ መምህር፣ ይህን ማን ያድርገው? ስለዚህ ፊደል ያልለየው ልጅ ፊደል ከለየው ጋር 4ኛ ክፍል ገባና አካባቢ ሳይንስ፣ ኋላም ፊዚክስ ተሰጠው። የኔታ የማይገባውን የሚያነብ ልጅ አፍርተው ነበር፤ እኛ ጭራሹን የማያነብ አሳለፍን።

እነዚያ ልጆች አደጉ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና የተፈተኑት፣ ያ ምዘና በተደረገ ጊዜ ከ2ኛ ክፍሎቹ ጥቂት ብቻ የሚያንሱት ናቸው። ኩረጃና የፈተና ስርቆት ስለበዛ ፈተናው በጥቅምት 2015 በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተሰጠ። ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። አገር ደነገጠ፤ በየቴሌቪዥኑ ስለ 12ኛ ክፍል ሳምንታት ተወራ። ስለ 2ኛ ክፍል ያወራ ሰው ብዙም አልሰማሁም።

በዚያው በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ዋለ። ደረጃው ተመልሶ 6፣ 2፣ 4 ሆነ፤ ልክ እንደ 1956ቱ። 6ኛ ክፍል ላይ ፈተና መጣ። ሥዕልና ሙዚቃ «ክወናና እይታ ጥበባት» የሚል፣ ልጆቹ ለመጥራት የሚቸገሩበት ስም ወጣላቸው። ታሪክ በራሱ ስም እስከ 9ኛ ክፍል ዛሬም የለም። ለስድስተኛ ክፍልና ከዚያ በታች ላሉት ደግሞ ግብረ ገብ ተመለሰ። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ያቺ አንዲት ክፍለ ጊዜ ሄዳ ሄዳ ከተነሳችበት ደረሰች። እያንዳንዱ መንግሥት ከሁሉ አስቀድሞ የሚነካው እሷን ነው፤ ሰውን የምትሠራው እሷ ናት ብሎ ስለሚያምን። የፊደሉን ሰዓት ግን አንዱም እንደዚያ ሲጓጓለት አላየሁም።

ወደ ቅዳሜው ቡና ልመለስ። ልጅቷ ሁላችንንም ማስቀየም አልፈለገችም። አንደኛ «ፈተና ላይ አለመኮረጅ» ብላ ጻፈች። ሁለተኛ፣ አባባ ያሏትን፣ «ለንጉሥና ለአገር መታመን»። ሦስተኛውን ወንድሜ ለቀልድ ሲያጽፋት እኛ ስቀን ዝም አልን፤ «አብዮቱን አለመክዳት»።

ማክሰኞ ማታ ደብተሯን አሳየችኝ። መምህርቷን አልወቅሳትም፤ በዚያ ክፍል 58 ልጆች እንዳሉ አውቃለሁ፤ 58 ደብተር በአንድ ማታ ማረም ምን እንደሚመስልም እገምታለሁ። ሦስቱም መልሶች ላይ በቀይ እስክሪብቶ ራይት ተደርጎባቸዋል።